የድሮ ቬስፓ ካርተር፦ ጥርሱ የተላጠ የስታድ ቀዳዳና የሰፋ የፒን ቀዳዳ፣ ከየቱ ይጀመር?

ካርተር_ክፍት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጠረጴዛ ላይ ያለው ባለ 125 ሲሲ የድሮ ቬስፓ ሞተር ነው (ትልቁ ፍሬም)። ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል፤ ሁለቱ የካርተር (የሞተሩ ዋና ቤት) ግማሾች ታጥበው ተቀምጠዋል። ችግሩን በዝርዝር ላስቀምጠው።

ከአራቱ የሲሊንደር ስታዶች (ሲሊንደሩን ካርተሩ ላይ የሚያስሩ ባለ ጥርስ ዘንጎች፤ ኤም 7 ማለትም 7 ሚሜ ስፋት፣ የጥርስ ርቀት 1.0 ሚሜ) አንዱ የቴስታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ዳዶ ሲጠብቅ እየተጎተተ ወደ ላይ ይወጣል። ሌላው ሲፈታ ሽቦ የመሰለ የአሉሚኒየም ጥርስ ተጠምጥሞበት ወጣ። የሁለቱም ቀዳዳ አፍ ዙሪያውን ተነስቶ ጉብታ ሠርቷል፤ የብረት ማስመሪያ ሲጋደምበት ይወዛወዛል። የማርሽ ዘይት ማፍሰሻው ቡሎን (ኤም 8) ቢጠብቅም ያንጠባጥባል፤ የሚነክሰው ሁለት ጥርስ ያህል ብቻ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ሁለቱን ግማሾች በቦታቸው የሚይዘው የማገጣጠሚያው ፒን ነው። ካርተሩ ከዚህ በፊት በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ተከፍቷል፣ ፊቱ ላይ ጠባሳው ይታያል። በቮላኖ (ከሞተሩ ጎን የሚዞረው ከባድ ጎማ) በኩል ባለው ግማሽ የአንደኛው ፒን ቀዳዳ እንቁላል ቅርጽ ይዟል፤ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው 0.25 ሚሜ ይሰፋል። ፒኑ በጣት ይነቃነቃል። ሁለተኛው ፒን ደህና ነው።

በእጄ ያለው ባለ ምሰሶ ድሪል፣ ካሊፐር፣ ማይክሮሜትርና የኤም 7 ሄሊኮይል (በተላጠ ጥርስ ቦታ የሚገባ የሽቦ ጠመዝማዛ) ኪት ነው። ቶርኖና ፍሬዛም ማሠራት እችላለሁ። ያሰብኩት መጀመሪያ ስታዶቹን በሄሊኮይል ጨርሼ፣ ቀጥሎ የፒኑን ቀዳዳ በኢፖክሲ ሞልቼ ፒኑን እዚያው መትከል ነው። የሚቃወም አለ?

ፍሬዛ_ቤት፦

እኔ እቃወማለሁ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ፒኑ ይቅደም፣ ስታዱ ይከተል። ኢፖክሲውን ደግሞ ጨርሶ እርሳው።

በዚህ ሞተር ሲሊንደሩ የሚቀመጠው በሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ሁለት ስታድ በአንዱ ግማሽ፣ ሁለት ስታድ በሌላው። የሲሊንደሩ እግር የሚገባበት ክብ ቀዳዳና የሲሊንደሩ መቀመጫ ፊት የተቆረጡት ግማሾቹ ታስረው ሳሉ ነው። ግማሾቹ በ0.1 ሚሜ ቢንሸራተቱ ክቡ ክብነቱን ያጣል፣ መቀመጫው ፊት እርከን ያወጣል፣ የስታዶቹ ርቀትም ይለወጣል። አሁን ያንን ጉብታ ብትሞርድና ስታድ ብትተክል የምታስተካክለው ከተዛባ ነገር ጋር ነው። ፒኑ በኋላ ቦታውን ሲይዝ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል።

ቡሎኖቹ ያስተካክሉታል ብለህ አትመን። ቡሎን ይጨብጣል እንጂ ቦታ አያስይዝም፤ ቀዳዳው ሆን ተብሎ ከቡሎኑ ሰፋ ተደርጓል። አንዱ ፒን ደህና ሆኖ ሌላው ሲላላ ደግሞ ደህናው እንደ በር ማጠፊያ ያገለግላል፤ ግማሹ ካርተር በእሱ ዙሪያ ይዞራል። ክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) በሁለቱ ፒኖች መሐል አጋማሽ ላይ ቢሆን የ0.25ቱ ጨዋታ ግማሽ፣ ማለትም 0.12 ሚሜ ያህል፣ ወደ ክራንኩ መስመር ይደርሳል። የኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) የውስጥ ጨዋታ በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ስለሆነ 0.12 ብዙ ነው። ካርተሩ ሲታሰር ክራንኩ የሚከብደው፣ አንዱ ቡሎን ሲላላ ደግሞ የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው። በቬስፓ ላይ ሌላም አለ፦ የክራንኩ ክንፍ ራሱ የቤንዚን መግቢያውን የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ ከካርተሩ ወለል ጋር ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ክራንኩ ካዘነበለ ወለሉን ይፍቀዋል፤ አንዴ የተፋቀ ወለል ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አይመለስም።

ስለዚህ መጀመሪያ ትክክለኛውን ቦታ ፈልግ። የፒኑን ቀዳዳ መሐል መነሻ አታድርገው፣ እሱ የተበላሸ ምስክር ነው። መነሻው የዋናዎቹ ኩሽኔታዎች መቀመጫ ነው። ኩሽኔታዎቹን አውጣ፤ የሁለቱን መቀመጫዎች ስፋት ለካ፤ ቶርኖ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ የመፈተሻ ዘንግ አስቆርጥ። እያንዳንዱ ደረጃ ከመቀመጫው በ0.01 እስከ 0.02 ሚሜ ይነስ። ሁለቱም ደረጃዎች ዘንጉ ከቶርኖው ሳይፈታና ሳይገለበጥ መቆረጥ አለባቸው፤ ተገልብጦ ከተቆረጠ ማዕከላቸው አንድ መሆኑን ማንም አያረጋግጥልህም።

ዘንጉን አስገብተህ፣ ንጹሕ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) በመሐል አድርገህ፣ ቡሎኖቹን ሳታጠብቅ አስይዛቸው። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያልክ ጎኑን ምታ፤ ዘንጉ በእጅ ሲዞርና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተት በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቅ። ከጠበቀም በኋላ ዘንጉ መዞር አለበት። ከዚያ ለማመሳከር የሲሊንደሩን ክብ ቀዳዳ በመጋጠሚያው መስመርና ከእሱ ጋር ቀጥ ባለ አቅጣጫ ለካው። ልዩነቱ ከ0.03 ሚሜ ካለፈ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው፤ ወይም መቀመጫዎቹ ራሳቸው ተበልተዋል። መቀመጫው ፊት ላይ ጥፍርህን አሻግረህ ጎትት፤ ጥፍር 0.02 ሚሜ እርከን እንኳ ይሰማዋል።

አሁን አንድ ነገር ንገረኝ፦ ፒኑ ድፍን ነው ወይስ ቡሎን በውስጡ የሚያልፍበት ባዶ ቱቦ? መልሱ ዘዴውን ይለውጠዋል።

ሁለት_ምት፦

የፒኑን ነገር ለፍሬዛ_ቤት ትቼ ስለ ስታዶቹ ልጻፍ፤ ኪቱ ስላለህ ብቻ ሄሊኮይል እንዳትመርጥ።

አንዱ አማራጭ ከታች ኤም 8፣ ከላይ ኤም 7 የሆነ ባለ ደረጃ ስታድ ነው። ለኤም 8 የሚበሳው በ6.8 ፑንታ ነው። የድሮው ኤም 7 ጥርስ ግን ጫፉ 7.0 ሚሜ ይደርሳል፤ ስለዚህ 6.8 ከበሳህም በኋላ የድሮው ጥርስ ጭረት በየጎኑ 0.1 ሚሜ ይቀራል። ጥርሱ ንጹሕ ሆኖ ለተላጠ ቀዳዳ ይህ ምንም አይደለም። ቀዳዳው ግን ተንኳኩቶ ወደ 7.3 ወይም 7.4 ከሰፋ አዲሱ ኤም 8 የሚይዘው ሥጋ ቀጭን ነው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሱም ይላጣል። ስለዚህ ከመወሰንህ በፊት የቀዳዳውን የውስጥ ስፋት በፑንታ ጭራ ሞክር፦ 7.2ቱ ጭራ ወለል ብሎ ከገባ ባለ ደረጃ ስታዱን ተወው።

ሄሊኮይል ለኤም 7 በ7.3 ይበሳል፣ የኪቱ ታፕ (የጥርስ ማውጫ መቁረጫ) የሚቆርጠው ጥርስ የውጭ ስፋት ደግሞ 8.3 ሚሜ ያህል ነው። «ሄሊኮይል ብዙ ሥጋ ይበላል» ሲባል እሰማለሁ፤ ከባለ ደረጃው ስታድ ጋር ሲነጻጸር የሚበልጠው በ0.3 ሚሜ ብቻ ነው። ለሲሊንደር ስታድ እኔ ሄሊኮይልን እመርጣለሁ፤ ርዝመቱ የስታዱን ስፋት ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 14 ሚሜ ይሁን፣ ቀዳዳው ጥልቀት ካለው። 7 ሚሜ ርዝመት ያለው አጭሩ ለአሉሚኒየም አይበቃም።

የሥራው ዋና ችግር ቀጥ ማለቱ ላይ ነው። ስታዱ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል 140 ሚሜ ከፍታ ላይ ጫፉ 2.4 ሚሜ ይርቃል፤ ሲሊንደሩ ተጨንቆ ይገባል፣ ቴስታው ጨርሶ አይገባም። በእጅ ድሪል አትሞክረው። ካርተሩን ምሰሶው ድሪል ጠረጴዛ ላይ የሲሊንደሩ መቀመጫ ፊት ወደ ላይ ሆኖ እሰር፤ ከዚያ ዳያል ጌጅ ድሪሉ አንገት ላይ አስረህ ፊቱን ዙሪያውን አስስ። ጉብታውን ራሱን አትለካ፣ ከጉብታው ራቅ ብለህ ለካ። ካርተሩ ቅርጹ ጠማማ ስለሆነ ከሥሩ የሚገባው ማስደገፊያ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ከብስቱ ይልቅ ይህ ነው ግማሽ ቀን የሚፈጀው።

ከዚህ የቀለለው ደግሞ አሮጌ ሲሊንደር እንደ መምሪያ መጠቀም ነው። ፒኑ ከተስተካከለ በኋላ ሲሊንደሩን በደህናዎቹ ሁለት ስታዶች አስረህ፣ በተበላሹት ቀዳዳዎች በኩል የብረት ቡሽ (አጭር ቱቦ) አስገባ፦ የውጭ ስፋቱ በሲሊንደሩ የስታድ ቀዳዳ ልክ፣ የውስጡ 7.3። ረጅም ፑንታ ያስፈልግሃል፣ ነገር ግን ቦታውንም ቀጥነቱንም ሲሊንደሩ ራሱ ይሰጥሃል። ፍሬዛ_ቤት ፒኑ ይቅደም ያለው እዚህ ላይም ይሠራል፤ ግማሾቹ ከተንሸራተቱ መምሪያው ራሱ የተሳሳተ ቦታ ያሳይሃል።

ጥልቀቱን ፑንታው ላይ ቀለበት አስረህ ገድብ። አንዳንዱ የስታድ ቀዳዳ ከሥሩ ቀጭን ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፤ ከተበሳ ወደ ክራንኩ ክፍል ወይም ወደ ጋዝ መተላለፊያው ይከፈትና በጥርሱ በኩል አየር ይስባል። ታፑን ስትጀምር ድሪሉ ጠፍቶ፣ ታፑ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ በእጅህ እያዞርክ ሦስት ወይም አራት ዙር አስገባው፤ ከዚያ በእጀታ ቀጥል። ቅባቱ ላምባ ይሁን፤ ወፍራም ዘይት ፍርፋሪውን አንድ ላይ ያጣብቀዋል። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፤ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሜ ስለሆነ ዙሩን መቁጠር ጥልቀቱን መቁጠር ነው። ለ14 ሚሜ ሄሊኮይል ቢያንስ 15 ሙሉ ጥርስ ቁረጥ። ታፑ ስፕሪንግ እንደሚጫን ሆኖ ከተሰማህ አቁም፣ አውጣ፣ ቀዳዳውን በአየር ንፋ። ያ ስሜት ፍርፋሪ ከሥር ተጨቁኖ ነው፤ ከገፋህበት ታፑ ይሰበራል፣ የተሰበረ ታፕ ደግሞ በተራ ፑንታ አይበሳም።

ሄሊኮይሉ ከፊቱ በሩብ እስከ ግማሽ ጥርስ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከገባ በኋላ መሣሪያውን ወደ ኋላ አታዙር፣ የመጀመሪያው ጥርስ ወጥቶ ይጣመማል። ከሥሩ ያለችውን ማስገቢያ ምላስ ሰብረህ ልታወጣት ከፈለግህ በማግኔት አትተማመን፤ ሄሊኮይል የሚሠራው ከማይዝግ ብረት ስለሆነ ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ግሪስ በተቀባ ቀጭን ዘንግ አጣብቀህ አንሳት። ቀዳዳው ከሥር የተዘጋ ከሆነና ስታዱ የማይደርስባት ከሆነ እዚያው ብትቀርም ጉዳት የላትም።

ካርተር_ክፍት፦

አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። ፒኑ ባዶ ቱቦ ነው፤ የካርተሩ ቡሎን በውስጡ ያልፋል። የፒኑ ቀዳዳ ከመጋጠሚያው ፊት ጥቂት ሚሊሜትር ገብቶ ይቆምና ከዚያ ወዲያ የቡሎኑ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀጥላል። ስለዚህ ካርተሩ ታስሮ ሳለ ከውጭ ሪመር (ቀዳዳን በትክክለኛ ልክ የሚያሰፋ መቁረጫ) ማስገባት አይቻልም። የስታዶቹን ቀዳዳ ለካሁ፤ በአንዱ 7.2ቱ ጭራ ገባ፣ በሌላው አልገባም።

ፍሬዛ_ቤት፦

ድፍን ፒንና ከውጭ የሚያልፍ ቀዳዳ ያለው ሰው ይህን ያነብ ይሆናል፣ እሱን በአጭሩ ልጨርስ። ካርተሩን በመፈተሻ ዘንጉ አስተካክለህ እሰር፤ ሁለቱንም ግማሾች በአንድ ላይ ወደሚቀጥለው ልክ አስፋ። ለምሳሌ ለ8 ሚሜ ፒን በ7.8 ብሳና በ8 ሚሜ ኤች 7 (የቀዳዳ ልክ ደረጃ) ሪመር ጨርስ። ኤች 7 ቀዳዳ ከ8.000 እስከ 8.015 ነው፤ ገበያ ላይ ያለው የኤም 6 የልክ ደረጃ ያለው ፒን (የ6 ሚሜ ቡሎን ማለት አይደለም) ከ8.006 እስከ 8.015 ነው። ይህ ፒን በሁለቱም ግማሽ ከጠበቀ ካርተሩ ሁለተኛ በካቻቢቴ ካልሆነ አይከፈትም፣ ማለትም ወደ ተነሳንበት ችግር እንመለሳለን። ስለዚህ አንዱ ግማሽ ጠባብ ይሁን፣ በሌላው በኩል ያለውን የፒኑን ግማሽ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ቶርኖ ላይ ወደ 7.99 አሳንሰው። ሪመርን ደግሞ ወደ ኋላ አታዙረው፤ ስታወጣውም ወደ ፊት እያዞርክ አውጣ። ወደ ኋላ ሲዞር ፍርፋሪው ስለቱ ሥር ገብቶ ቀዳዳውን ይቧጥጠዋል።

ወደ አንተ እንመለስ። ሪመር በማይገባበት ቦታ ተንሳፋፊ ቡሽ ነው መድኃኒቱ። ሐሳቡ የተበላሸውን ቀዳዳ በደንብ ማስፋት፣ ውስጡ ልል ቡሽ መክተት፣ ቡሹን በፒኑና በመፈተሻ ዘንጉ ቦታውን እንዲያገኝ ትቶ በማጣበቂያ እዚያው ማድረቅ ነው። ማጣበቂያው የሚሞላው ክፍተት ብቻ ነው፤ ቦታውን የሚወስነው ዘንጉ ነው።

ፍሬዛ ላይ የእንቁላሉን ቀዳዳ በዲያሜትር 3 ሚሜ ያህል አስፋ፣ ጥልቀቱ ግን የድሮው ይሁን። መሐሉን በጣም ማግኘት አያስፈልግህም፣ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። አስቀድመህ ግን ዙሪያውን የሚቀረውን ግድግዳ ለካ፤ ከ3 ሚሜ ካነሰ ማስፋቱን ቀንስና ቡሹን ቀጭን አድርገው። ቡሹን ከናስ አስቆርጥ፦ የውጭ ስፋቱ ከአዲሱ ቀዳዳ በ0.15 ሚሜ ያንስ፣ ውስጡ በፒኑ ላይ ያለ ጨዋታ ተንሸራቶ የሚገባ፣ ቁመቱ ከፊቱ 0.2 ሚሜ ዝቅ የሚል። ናስ ያልኩት አለምክንያት አይደለም። እነዚህ ማጣበቂያዎች የሚደርቁት አየር ሲያጡና ብረት ሲነካቸው ነው፤ አሉሚኒየም ላይ ይዘገያሉ፣ መዳብ ያለበት ነገር ያፋጥናቸዋል።

መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ማጣበቂያ ገጣጥመህ ሞክር። ዘንጉ ካልዞረ ቡሹ አንዱ ጎን ነክቷል፣ ወይም ቀዳዳውን ማስፋት ይቀርሃል። ከዞረ ፍታው፤ ቀዳዳውንና ቡሹን በአሴቶን ሁለት ጊዜ እጠብ፤ አክቲቬተር (የማጣበቂያ ማፋጠኛ) ካለህ አሉሚኒየሙን ቀባ። ማጣበቂያው ሎክታይት 638 ይሁን፣ እስከ 0.25 ሚሜ ክፍተት ይሞላል። 648 እስከ 0.15 ብቻ ስለሆነ እዚህ ጫፍ ላይ ነህ። ፒኑን ስስ ግሪስ ቀባው፤ የግሪሱ ሥራ ማጣበቂያው ፒኑን ከቡሹ ጋር እንዳያጣብቀው ነው፣ ስለዚህ ወደ ቡሹ ውጭ እንዳይሄድ ተጠንቀቅ። ገጣጥም፣ ዘንጉን እያዞርክ ቡሎኖቹን አጥብቅ፣ 24 ሰዓት ሙሉ አትንካው። ቤቱ ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ ሁለት ቀን ስጠው።

ሲከፈት ካቻቢቴ የሚባል ነገር ጠረጴዛው ላይ አይኑር። የፒኑን አካባቢ በሙቅ አየር ወደ 80 ዲግሪ አድርስ፣ ከዚያ ጠንካራ ጠንካራውን ቦታ በፕላስቲክ መዶሻ ግራና ቀኝ እየመታህ አላቀው። ከዚህ በላይ አታሙቀው፤ ማጣበቂያው እስከ 180 ቢችልም ገና አዲስ ነው። ለነገሩ በ8 ሚሜ ቀዳዳ ላይ የ100 ዲግሪ ጭማሪ የሚሰጥህ ስፋት 0.018 ሚሜ ነው፤ ለላላ ፒን ከበቂ በላይ ነው።

የካቻቢቴው ጠባሳ ላይ ከፊቱ የተነሳውን ብቻ በጥሩ ሞረድ አውርድ። ጉድጓዱን እስኪጠፋ ድረስ ፊቱን ብትሞርድ የማርሽ ዘንጎቹንና የክራንኩን የጎን ክፍተት ታጠባለህ።

አርጎን፦

ሁለቱ ያሉት ልክ ነው፤ ብየዳን ያነሳ ስለሌለ ግን እኔ ላንሳው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። የስታድ ቀዳዳን በአርጎን ብየዳ ሞልቶ እንደገና መብሳት ይቻላል፤ እዚህ ግን አይመከርም። ካርተሩ በግፊት የተቀዳ አሉሚኒየም ነው፤ ውስጡ ጥቃቅን የጋዝ ቀዳዳዎች አሉት፣ ዓመታት የጠጣው ዘይትም እዚያ ነው ያለው። ሙቀቱ ሲደርስበት አረፋ ያወጣል፣ ብየዳውም እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ሥጋው ጭራሽ ተሰብሮ የጠፋ ከሆነ ሌላ ምርጫ የለም፦ ደጋግሞ ማጠብ፣ ምድጃ ውስጥ 150 ዲግሪ አካባቢ ዘይቱን ማስለቀቅ፣ የወጣውን እንደገና ማጠብ፣ በኤሲ አርጎንና በ4043 (የአሉሚኒየም መሙያ) ዘንግ መበየድ። ግማሾቹ ታስረው፣ ካልሆነም ወፍራም የብረት ሰሌዳ ላይ ተጠፍሮ። ከዚያ በኋላ የኩሽኔታ መቀመጫው ክብ መሆኑን ሳይለኩ መገጣጠም የለም፤ ብየዳ ካርተርን ያጣምማል።

የዘይት ማፍሰሻው ላይ ሄሊኮይል አትጠቀም። የሽቦው ጠመዝማዛ ዘይት የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ቡሎኑን ስታጠብቅ ሮንዴላው ፊቱን ይዘጋል እንጂ ከሽቦው ጀርባ የሚዞረውን አይዘጋም። ድፍን ቡሽ አስቆርጥ፦ ውስጡ ኤም 8፣ ውጭው ኤም 12 በ1.25 ወይም በ1.0 ርቀት፣ አናቱ ላይ ስስ ከንፈር ያለው። ጥርሱ ጥቃቅን ሲሆን የሚቀረው ግድግዳ ይወፍራል። በማጣበቂያ ጥርሱን ቀብተህ አስገባ፣ የከንፈሩ ፊት ሮንዴላ የሚቀመጥበት ስለሆነ ቶርኖ ላይ ልሙጥ ይሁን።

ሁለት_ምት፦

ከአርጎን ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፦ ሄሊኮይሉ ውጭው በጥርስ ማሸጊያ ከተቀባ ማፍሰሻ ላይም ይሠራል። በኤም 8 ኪት በ8.4 ይበሳል፣ አሉሚኒየሙ ላይ ያለው የሮንዴላ መቀመጫ ደህና ከሆነ ነገሩ ያለቀ ነው። መቀመጫው ከተቧጠጠ ግን ቡሹ ይሻላል፣ እዚያ ላይ እስማማለሁ። ያም ሆነ ይህ ካርተሩ ክፍት ሳለ አሁን ሥራው፤ ሞተሩ ከታሰረ በኋላ ፍርፋሪው ማርሽ ውስጥ ነው የሚገባው።

7.2 የገባበት ቀዳዳህ ሄሊኮይል ይሁን፣ ሌላውም ሄሊኮይል ይሁን፤ አንዱን ባለ ደረጃ፣ አንዱን ተራ ስታድ አድርጎ መገጣጠም በኋላ ለሚፈታው ሰው ወጥመድ ነው። ከዚያ የቀዳዳውን አፍ በሰፋ ፑንታ በእጅህ 0.5 ሚሜ ያህል ብቻ ክፈት። ጉብታው የመጣው አፉ ላይ ያለው የመጀመሪያው ጥርስ ስለተጎተተ ነው፤ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ዝቅ ብሎ ከጀመረ ሁለተኛ አይነሳም። ቀጥሎ ካርተሩን ከነፒኑ አስረህ መቀመጫውን ፊት በመስታወት ላይ በተለጠፈ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክል። ማስመሪያ አጋድመህ 0.05 ፊለር ጌጅ የትም ካልገባ በቂ ነው።

ስታዶቹን ስትተክል ቀዳዳው ደረቅ ይሁን። ከሥር የተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ማጽጃ ከቀረ ስታዱ እንደ ፒስተን ይጨምቀዋል፣ አሉሚኒየሙም ይሰነጠቃል። ሎክታይት 243 ሁለት ጠብታ፣ ሁለት ዳዶ አንድ ላይ ቆልፈህ በቀስታ እስኪቆም። ከቆመ በኋላ አትጨቁን፤ ስታድ የሚጠብቀው በላይኛው ዳዶ ነው። በቬስፓ ፒኤክስ ሞዴል 125 እና 150 ላይ የካርተሩ ዳዶ ከ13 እስከ 15 ኒውተን ሜትር፣ የቴስታው ደግሞ ከ13 እስከ 18 ነው፤ 200ው ኤም 8 ስታድ ስላለው ከ17 እስከ 22። ጥርስ የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ ቴስታው ጋዝ ሲያፈስ ዳዶውን በመጨመር ለማስቆም ሲሞከር ነው። ማፍሰሱ ግን ከፊቱ መጣመም ነው፣ የዳዶው ማነስ አይደለም።

ካርተር_ክፍት፦

የመጨረሻ ጥያቄ፦ አንዱ የስታድ ቀዳዳ ሥሩ ላይ መርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ወደ ጋዝ መተላለፊያው ወጥታለች። መብራት ሲያዝበት ይታያል። ካርተሩ አለቀለት?

ሁለት_ምት፦

አላለቀለትም። ሄሊኮይሉን ስታስገባ ጥርሱን በማሸጊያ ቀባ፣ ስታዱንም እንዲሁ፤ ከመተላለፊያው በኩል የሚወጣውን ትርፍ ሳይደርቅ ጥረግ፣ ከደረቀ በኋላ ተሰብሮ ወደ ፒስተኑ ይሄዳል። ምላሷን ግን በዚህ ቀዳዳ ላይ ሰብረህ አውጣት።

ሞተሩ ከተገጣጠመ በኋላ የማርሚታውንና የካርቡሬተሩን አፍ በጎማ ዝጋ፤ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል 0.4 ባር አየር ስጥ። በብስክሌት ፓምፕና በትንሽ ጌጅ ይሠራል። ከዚህ በላይ አትሂድ፣ ሲሎቹን (የክራንኩን የጎማ ማሸጊያዎች) ትገፋለህ። አምስት ደቂቃ ጠብቅ፤ መርፌው ከወረደ የሳሙና ውኃ በመጀመሪያ የሲሊንደሩ እግር ዙሪያ፣ ከዚያ በመጋጠሚያው መስመር፣ ከዚያ በቮላኖው ሲል ላይ ቀባ። አረፋ ከሲሊንደሩ እግር ሥር ሁለቱ ግማሾች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ብቻ ከወጣ ስታዱን አትወቅስ። እዚያ እርከን ቀርቷል፤ ማስመሪያውን መልሰህ አጋድምበት።